የካርታ ታይሎች አቀማመጥና አደረጃጀት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በጠረጴዛ ላይ ጨዋታ ካርታውን ለመገጣጠም ስለሚያገለግሉት የካርቶን ቁርጥራጮች፣ ማለትም ስለ ታይሎች፣ «ታይሎቹ ጎበጡብን፣ እርስ በርስም አልገጥም አሉን» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚደርሰን ምክንያቱንና መፍትሔውን ልንጽፍላችሁ ወደድን። አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ከጨዋታው ሳይሆን ከአቀማመጡ ነው።

ታይል 2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ካርቶን ሲሆን በሁለቱም ፊት የታተመ ወረቀት ተለጥፎበታል። ካርቶን እርጥበት ሲስብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሁለቱ ፊቶች እኩል ቢስቡና እኩል ቢደርቁ ምንም አይሆንም። የሚጎብጠው አንዱ ፊት ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ሌላው ለአየር ተጋልጦ ሲያድር ነው። ስለዚህ ጨዋታው ሳያልቅ ቢመሽባችሁ እንኳ የካርታውን ፎቶ አንሱና ታይሎቹን ወደ ሣጥን መልሱ።

የጎበጠ ታይል ይቃናል። ጎድጎድ ያለው ፊት የተኮማተረው ነውና ውሃ የሚነካው እሱ ብቻ ነው። ንጹሕ ጨርቅ ነክራችሁ ጠብታ እስከማይወጣው ድረስ ጭመቁት፣ ከዚያ ፊቱን አንድ ጊዜ ብቻ አበስ አድርጉት። ቀለሙ የሚለቅ መሆን አለመሆኑን አስቀድማችሁ በአንዱ ጥግ ላይ ሞክሩ። ከላይና ከታች ያልታተመበት ነጭ ወረቀት አድርጉና በሁለት ጠፍጣፋ ጣውላዎች መካከል አስገብታችሁ ከባድ ነገር ጫኑበት። ወረቀቱን ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ቀይሩት፤ ታይሉ ግን ሁለት ቀን ሙሉ እንደተጫነ ይቆይ። ውሃው ከበዛ ወረቀቱ ከካርቶኑ ይላቀቃል። ካውያና የፀጉር ማድረቂያ አትጠቀሙ፤ አንዱን ፊት ቶሎ ስለሚያደርቁት ታይሉ እንደገና ይጎብጣል።

ሣጥን ስትመርጡ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። አንድ የካርታ ካሬ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ኢንች፣ ማለትም 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። ስድስት በስድስት ካሬ የሆነ ታይል 15.24 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን የውስጥ ስፋቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን በጥቂት ሚሊ ሜትር ያንሰዋል። ቢያንስ 16 ፈልጉ። ውፍረቱን ስናሰላ ደግሞ 50 ታይሎች 10 ሴንቲ ሜትር ይይዛሉ።

እኛ የምንመክረው ታይሎቹን በጠርዛቸው አቁሞ መደርደር ነው፤ አንዱን ለማውጣት ሌላውን ማንሳት አያስፈልግም። ነገር ግን ሣጥኑ መሙላት አለበት። ግማሹ ባዶ ከሆነ ታይሎቹ ይጋደማሉ፣ የተጋደመ ታይል ደግሞ ውሎ አድሮ ይለመጣል። ክፍተቱን በስፖንጅ ሙሉት፣ አንድ ጣት የምታስገባ ቦታ ብቻ ይቅር። አስተኝታችሁ የምታስቀምጡ ከሆነ ትልልቆቹ ከታች ይሁኑ። ታይሎቹን በሚለጠጥ ላስቲክ አትሰሯቸው፤ ላስቲክ ጠርዙን ይበላል፣ ሲያረጅም ቀልጦ ይጣበቃል። ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የወረቀት መቀነት ይበቃል።

አደረጃጀቱን የሚወስነው አጨዋወታችሁ ነው። በመመሪያ መጽሐፍ ላይ በቁጥር የተጠራውን ታይል እያወጣችሁ የምትጫወቱ ከሆነ በቁጥር ደርድሩ። ካርታውን በየጊዜው ራሳችሁ የምትፈጥሩ ከሆነ ግን ቁጥር አይረዳችሁም፤ ዋሻ፣ ኮሪደር፣ ጫካ፣ ውሃ እያላችሁ በመልክዓ ምድር ለዩ። የሚያስቸግረው ታይሉ ሁለት ፊት ያለው መሆኑ ነው፦ በአንድ በኩል ዋሻ፣ በሌላው ጫካ። አዘውትራችሁ በምትጠቀሙበት ፊት መድቡት፣ በሌላኛው ምድብ መለያ ካርድ ላይ ደግሞ «የዚህ ቀሪ ዋሻ ውስጥ ነው» ብላችሁ ቁጥሩን ጻፉ። ይህች አንድ መስመር ብዙ ፍለጋ ታስቀራለች።

እርስ በርስ የሚያያዙባቸው ጥርሶች ያሏቸውን ታይሎች ስታላቅቁ ወደ ጎን አትሳቡ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሱ። አዲስ ሳለ ታይሉ ከታተመበት ትልቅ ካርቶን ያልተላቀቀውን በምላጭ ቁረጡት እንጂ አትቅደዱት፤ የቀረችውን እብጠት በጥፍር ሞረድ አስተካክሉ። ብዙውን ጊዜ አልገጥም የሚለው በዚህች ትንሽ እብጠት ምክንያት ነው። የተሰነጠቀ ጥርስ ላይ ነጭ ማጣበቂያ በስንጥር አስገብታችሁ እስኪይዝ ጨብጡት።

ቶከኖችን (በጨዋታው ላይ ምልክት የሚሆኑትን ትንንሽ ቁርጥራጮች) በዓይነት ለይታችሁ ክፍልፋይ ባለው ሣጥን አስቀምጡ፤ የሚወረወረው ዳይስ ግን ለብቻው ይሁን፣ ጠርዙ የቶከኑን ቀለም ይፍቃል። ቀለም የተቀቡ ትንንሽ የገጸ ባሕርያት ቅርጾች ለስላሳ ፒቪሲ (የፕላስቲክ ዓይነት) ባለበት ቦታ ሲቆዩ ቀለማቸው ሊጣበቅ ስለሚችል ፖሊፕሮፒሊን የሚል ምልክት ያለውን ፕላስቲክ ምረጡ። ከመቆሚያቸው ሥር ማግኔት ለጥፋችሁ የሣጥኑን ወለል በብረት ላሜራ ብትሸፍኑት በጉዞ ላይ አይንከባለሉም። አሉሚኒየም ማግኔት ስለማይስበው ላሜራውን ከመግዛታችሁ በፊት ማግኔት አስጠግታችሁ ሞክሩ።

ካርታ በማርከር የሚሣልበት የቪኒል (የፕላስቲክ) ምንጣፍ ካላችሁ ማርከሩን በዚያው ምሽት አጥፉት፤ በተለይ ቀይ ቀለም ከዋለ ካደረ እድፉ አይለቅም። ስትጠቀልሉት የታተመው ፊት ወደ ውጭ ይሁን፤ ሲዘረጋ ጠርዙ ወደ ላይ እንዳይቆለመም ያደርገዋል።

በሣጥኑ ውስጥ እርጥበት የሚስብ ሲሊካ ጄል ጨምሩ፣ ሣጥኑም ከውጭ ግድግዳና ከሲሚንቶ ወለል ይራቅ። አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ ካላችሁ ከ40 እስከ 50 በመቶ ባለው መካከል ቢያነብ ጥሩ ነው። ከ60 ካለፈ ሲሊካ ጄሉን በአዲስ ቀይሩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል