ጣና ላይ አዲስ ጀልባ ከመጀመሩ በፊት ሰዓቱና ታሪፉ ይለጠፍ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ጣና ነሽ ፪ የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥታ በከባድ ተሽከርካሪ ላይ ተጭና በየብስ ወደ ባሕር ዳር ስትጓዝ፣ እዚህ አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ ሳይቀር ሰው ቪዲዮዋን በስልኩ እየተቀባበለ ይመለከት ነበር። እኔም ደስ ብሎኛል። ሆኖም ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ እናቴን ይዤ ከባሕር ዳር ወደብ ወደ ደሴቶቹ ለመሻገር ስሞክር ያጋጠመኝ ነገር የጣና ችግር የጀልባ እጥረት ብቻ እንዳልሆነ ስላሳየኝ፣ ስለዚሁ ጥቂት ማለት እፈልጋለሁ።

ወደቡ የደረስነው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ የመነሻ ሰዓት ወይም ታሪፍ የተጻፈበት ሰሌዳ አላየንም። ዋጋውን የነገረን በር ላይ የተቀበለን ደላላ ነው፤ የነገረንም የአንድ ሰው ሒሳብ ሳይሆን የኮንትራት ዋጋ ነበር። ልክ እንደ ኮንትራት ታክሲ ጀልባው በሙሉ ይከራያል፤ ሁለት ሆናችሁ ብትመጡም የምትከፍሉት የሙሉውን ነው። አቅም የሌለው ሰው ያለው አማራጭ የሚዳበለው እስኪገኝ መጠበቅ በመሆኑ፣ እኛም ከሁለት ሰዓት በላይ ቆመን ከሌሎች አምስት መንገደኞች ጋር ተነሣን። ጣና ላይ እንዲህ ያለ መዘግየት ቀላል ነገር አይደለም። ጠዋት ረግቶ የሚቆየው ውኃ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣበታል፤ ስንመለስ ማዕበሉ ጀልባዋን እያነሣ ሲጥላት የእናቴ ነጠላ እስከ ትከሻቸው ረጥቦ ነበር። የሕይወት አድን ጃኬቶቹ ከመቀመጫው ሥር በገመድ እንደታሰሩ ነበሩ፤ ልበሱ ያለን ሰው የለም።

ይበልጥ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ጀልባዋ ክብራን ገብርኤል እንደደረሰች ነጂው ዘወር ብሎ «ሴቶች እዚሁ ይቆያሉ» አለ። እናቴ ሥርዓቱን አልተቃወሙም፤ የገዳም ደንብ መሆኑን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ያስከፋቸው ከከፈሉ በኋላ መስማታቸው ነው። ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን የስለት ብር ፈትተው «አንተ አድርስልኝ» አሉኝና ከዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን።

ነገሩን ቀድሞ መናገር ምንም አይከብድም ነበር። ክብራን ገብርኤል፣ እንዲሁም የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም ይገኝበታል የሚባለው ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም። ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ያለው ደብረ ማርያም፣ የዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረትና ደቅ ደሴት ላይ ያለው ናርጋ ሥላሴ ግን ሴቶችንም ያስገባሉ። ናርጋን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ በግድግዳውም ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው ተሥለው ይታያሉ። እናቴ ይህን ቢያውቁ ኖሮ ከሁሉ አስቀድመው ናርጋን ይመርጡ ነበር። ናርጋ ሩቅ ስለሆነ ደርሶ መልሱ ቀን ሙሉ ይፈጃል፤ ስለዚህም የመነሻ ሰዓትን ከዋዜማው ማወቅ የግድ ነው።

አራት ኪሎ ለታክሲ የተሰለፈ ሰው ታሪፉን ያውቃል፤ ረዳቱ ሲጨምርበት የሚከራከረውም ስለሚያውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን ሐይቅ ወደብ ላይ የቆመ መንገደኛ ግን የሚከራከርበት ቁጥር እንኳ አልነበረውም። በየቀኑ ጠዋት በተወሰነ ሰዓት፣ ሞላም አልሞላ፣ ወደ ዘጌ በሰው ልክ እያስከፈለ የሚነሣ አንድ ጀልባ ቢመደብ፣ ከጎኑም ታሪፉን፣ የመመለሻ ሰዓቱንና ለሴቶች የተፈቀዱትን ገዳማት የሚገልጽ ሰሌዳ ቢተከል፣ ወጪው ከአንድ መርከብ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይመስለኝም። የሚጠቀመውም ጎብኚ ብቻ አይደለም። ደቅ ላይ የሚያርስ ገበሬ አለ፤ ከዘጌ በደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ እየቀዘፈ ባሕር ዳር ገበያ የሚወጣም አለ።

አዲሷን ጀልባ የሚያስተዳድረው ክፍል ወደ የትኞቹ ደሴቶች በየትኞቹ ቀናትና ሰዓታት እንደምትሄድ፣ ለአንድ ሰውም ስንት እንደምታስከፍል ጋዜጣችሁ ጠይቆ ቢያትምልን ደስ ይለናል። እናቴ ናርጋን እስካሁን አላዩም፤ መንገዱ ሲፈቅድ ልወስዳቸው ቃል ገብቻለሁ።

አንድ አንባቢያችሁ፣
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ