የመጀመሪያዋን ሜሎን አይቁረጧት፣ አባባ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የላኩልኝ ፖስታ ደርሶኛል። በውስጡ 20 የሜሎን ዘር ነበረበት።

ባለፈው በስልክ ስንነጋገር «ዘንድሮ አንድም አልበቀለልኝም፤ እጄ አርጅቷል መሰለኝ» ያሉኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። ያን ዕለት መልስ አጥቼ ወሬ ቀየርኩ። አሁን ግን መልስ አግኝቻለሁ። እጅዎ ምንም አልሆነም።

አሥሩን ዘር በረጠበ ጨርቅ ጠቅልዬ ሞቅ ያለ ቦታ አኖርኩት። ሜሎን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ካገኘ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ይጎነቁላል። እኔ 10 ቀን ሙሉ ጠበቅሁ፤ የጎነቆሉት ሁለት ብቻ ናቸው። የቀሩትን አሥሩን ደግሞ አንድ በአንድ በጥፍሬ ከፈትኳቸው። ሰባቱ ገለባ ሆነው ተገኙ፤ ቅርፊት እንጂ ነጩ ፍሬ የላቸውም። ሦስቱ ሞልተው ነበር፣ ነገር ግን ሻግተዋል።

ገለባዎቹን መዳፌ ላይ ይዤ ሳለ የልጅነታችን ጊዜ ትዝ አለኝ። የመጀመሪያዋ ሜሎን ስትበስል ቆርጠው የሚያቀርቡት ለእኛ ነበር። ሁለተኛዋንም እንዲሁ፣ ሦስተኛዋንም። ዘር የሚያወጡት ሐረጉ መድረቅ ሲጀምር ከሚቀሩት ትንንሾች ነበር። ምርጡን እኛ በላነው፤ ለዘር የተረፈው ለመብሰል ጊዜ ያጣው ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ዘሩን የሚመግበው ነገር ይቋረጥና ቅርፊቱ ተሠርቶ ውስጡ ባዶ ይቀራል። ከውጭ ሲያዩት ደህና ዘር ይመስላል፤ እኔም እስክከፍተው ድረስ አላወቅሁም ነበር። ቀድሞ ብዙ ሐረግ ይተክሉ ስለነበር በመካከሉ የሞላ ዘር አይጠፋም። አሁን ግን ሦስት ወይም አራት ሐረግ ብቻ ስለሆነ ጉድለቱ ወዲያው ታየ።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ወቅት የመጀመሪያዋን ለማንም አይቁረጡ። ከጤነኛ ሐረግ ላይ ቀድማ የያዘችውን ይምረጡ። ቅጠሉ የተዥጎረጎረ ወይም የጠወለገ ሐረግ ከሆነ ይለፉት፤ በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለ። መዓዛዋ ሲወጣና ነካ ሲያደርጓት ከሐረጉ በቀላሉ ስትላቀቅ ለመብል ደርሳለች። ለዘር ግን ጥቂት ቀን፣ ቢበዛ አንድ ሳምንት፣ ጥላ ውስጥ ያቆዩአት። ዘሩ በውስጧ ሆኖ መጎልመሱን ይቀጥላል። ሥጋዋ ከልክ በላይ ይለሰልስ ይሆናል። ምግብ ሲባክን ማየት እንደሚከብድዎ አውቃለሁ፤ ቢሆንም በዚህች አንዲት ይጨክኑልኝ።

ከዚያ ዘሩን ከነዝልግልጉ በማንኪያ አውጥተው በብርጭቆ ውኃ ውስጥ 2 ቀን ያህል ያቆዩት፤ በየቀኑም ያማስሉት። ሲብላላ ይሸታል፣ ግድ የለም። በመጨረሻ ውኃ ጨምረው ሲያነቃንቁት የሞላው ይዘቅጣል፣ ገለባው ከዝልግልጉ ጋር ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈውን ሳያዝኑ ይድፉት። ከ3 ቀን በላይ ግን አያቆዩት፤ እዚያው ውኃው ውስጥ መጎንቆል ይጀምራል።

ሦስቱ የሻገቱት ሳይደርቁ ጠርሙስ ውስጥ ስለታሸጉ ነው። ጋዜጣ ላይ አይዘርጉት፣ ይጣበቃል። ሳህን ወይም ወንፊት ላይ ስስ አድርገው ዘርግተው፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር 2 ሳምንት ያህል ይተዉት። አንዱን አንስተው ሲያጎብጡት ከታጠፈ ገና ነው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ያኔ ይክደኑት። ሃሪንግተን የተባለ የዘር ተመራማሪ ያስቀመጠው ልማዳዊ ስሌት አለ፤ የዘር እርጥበት በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው እጥፍ ያህል ይረዝማል፣ የማስቀመጫው ሙቀት በ5 ዲግሪ ገደማ ሲቀንስም እንደዚያው። በደንብ ደርቆ ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ የሜሎን ዘር 5 ዓመት ይቆያል። አንዲት ሜሎን በመቶዎች የሚቆጠር ዘር ትሰጣለች። እንግዲህ ያስቡት አባባ፣ የምንሳሳላት በ5 ዓመት አንዲት ሜሎን ብቻ ናት።

ስለ ኪያሩም ልንገርዎ። ከሁለት ዓመት በፊት ሜሎኑ ውኃ ውኃ ሲል፣ ኪያር አበላሸው ብለው የእማዬን መደብ ነቀሉት። ኪያርና ሜሎን ዘመዳሞች ናቸው፤ ነገር ግን አይዳቀሉም። ዱባና ሐብሐብም እንዲሁ ከሜሎን ጋር አይዳቀሉም። ሜሎን የሚዳቀለው ከሌላ ሜሎን ጋር ነው፣ መልካቸው የቱንም ያህል ቢለያይ። ቢዳቀል እንኳ ለውጡ የሚታየው ዘሩ ተዘርቶ ሲያፈራ ነው፤ የዚያ ዓመት ሥጋ የእናቲቱ ነው። ጣዕሙን ያጠፋው ሊበስል ሲል የጠጣው ብዙ ውኃ ይመስለኛል። እማዬ ኪያሯን መልሳ ትትከል፤ ይቅርታውን እርስዎ ይጠይቁልኛል።

ጎረቤት ሌላ ዓይነት ሜሎን ከተከለ ግን ንቦቹ ያደባልቁታል። ዘር አምራቾች እስከ 800 ሜትር ያራርቋቸዋል፤ እኛ ያን ያህል መሬት የለንም። በእጅ ማድረግ ይቻላል። በነጋታው የሚፈኩትን አበቦች፣ ወንዴውንና ከሥሯ ትንሽ ሜሎን የያዘችውን፣ ማታ ጫፋቸውን በክር ያስሩ። ጠዋት ወንዴውን ቀጥፈው የአበባውን ቅጠሎች ያስወግዱና ብናኙን በሌላዋ መሐል ያሹት፤ ከዚያ መልሰው ይሰሯት። አበባዋ የምትቆየው ለአንድ ቀን ነው። አምስት ስድስት ይሞክሩ፤ አብዛኞቹ ይረግፋሉ። በተፈጥሮም ይረግፋሉና እባክዎ በእጅዎ አያሳብቡ።

ዘሩ የተገዛ ድቅል ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልልም ነበር። ከድቅል የወጣ ዘር ሲዘራ እናቱን አይመስልም። የእርስዎ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ራሱን መስሎ የመጣ ነው፤ ሌላ ቦታ ፈልጌ የማገኘው አይደለም።

ጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን አይጣሉት። ከአሥር ሁለት ስለበቀለ በአንድ ጉድጓድ አሥር አሥር አድርገው ይዝሩት። እኔ ጋር የጎነቆሉትን ሁለቱን አፈር ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ፤ ትናንት ቅጠል አወጡ።

ከደብዳቤው ጋር ቀይ ክር ልኬልዎታለሁ። የመጀመሪያዋ ሜሎን ላይ ይሰሩት፤ ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ እንዳይነካት። እኔ ስመጣ ሁለተኛዋን አብረን እንበላለን።

ልጅዎ