ውሃውን ለጊዜው አቁምለት

ወንድም ዓለም፣

እንደምን ከረምክ? እማማስ ደህና ናቸው? ይኼን ያህል ጊዜ ድምፄን ስላጠፋሁ ይቅር በለኝ፤ ሰበብ አልደረድርም። እንኳን አደረሰህም ዘግይቶ ነው የሚደርስህ። እውነቱን ልንገርህ፣ አቮካዶህ ባይታመም ኖሮ መቼ እንደምጽፍልህ እንጃ። ከእህትህ እንደሰማሁት ቅጠሉ ገርጥቶ ጠውልጓል፣ አንተም ጠምቶት ነው ብለህ ጠዋት ማታ ታጠጣዋለህ። አንተ መቼም የወደድከውን ሁሉ ብላ ጠጣ እያልክ ነው የምታስጨንቀው! እባክህ ውሃውን ለጊዜው አቁምለት።

ክረምቱን ሙሉ ሲዘንብበት የከረመ ችግኝ በመስከረም አይጠማም። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከጠወለገ ሥሩ ታፍኗል ማለት ነው። የአዳማ አፈር ቀላል ነው፣ ውሃ ያሳልፋል፤ የአንተ ግቢ ግን ቤቱ ሲሠራ ገረጋንቲ ፈስሶበት፣ መኪና ተመላልሶበት ጠጥሯል። እዚያ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ እንደ ባልዲ ውሃ ይይዛል። አየር ያጣ ሥር ደግሞ በአበስባሽ በሽታ በቀላሉ ይጠቃል።

ከግንዱ አንድ ክንድ ርቀህ አፈሩን በእጅህ ገለጥ አድርገው። ዶማ እንዳታስጠጋ፤ አቮካዶ የሚመገብባቸው ሥሮች ላይ ላዩን ስለሆኑ መኮትኮት አይወድም። ቀጫጭኖቹ ሥሮች ነጣ ካሉ ደህና ናቸው፤ ጠቁረው በጣት ሲነኩ እንክትክት ካሉ በስብሰዋል። ቅጠሉንም ለይተህ እይ፦ ጫፉ ብቻ ከተቃጠለ ጨው ነው፣ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሀል ለመሀሉ ቢጫ ከሆነ የብረት እጥረት ነው።

ሥሩ በስብሶ ካገኘኸው ቶሎ አንሳው፤ ገና ችግኝ ስለሆነ ሊተርፍ ይችላል። ቁመቱ ግማሽ ሜትር፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የአፈር ጉብታ ሥራና አመሻሽ ላይ ከነአፈሩ አዛውረህ እዚያ ትከለው። የጠቆረውን ሥር በንጹህ መቀስ ቁረጥ፣ በዚያው ልክ ቅርንጫፉን ቀንስለት። የተዳቀለበት መገጣጠሚያ ከአፈር በላይ ይሁን። ቅጠሉ ከረገፈ ግንዱን ፀሐይ እንዳያቃጥለው በውሃ የተበጠበጠ ኖራ ቀባው። ዩሪያ እንዳትሰጠው፤ የታመመ ሥር ማዳበሪያ ያቃጥለዋል። ላዩን የጤፍ ጭድ አራት ጣት ያህል አልብሰው፣ ግን ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ከነካው ልጡ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይጠጋዋል።

ከዚያ በኋላ ጣትህን አፈሩ ውስጥ ሰደድ አድርገህ ሲደርቅ ብቻ አጠጣ። ጥቅምት ሲገባ የአዳማ ነፋስ ቶሎ ያደርቀዋልና በየቀኑ እየው። የጉድጓድ ውሃ ጨው ካለው አይስማማውም፤ ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳትል አሸንዳውን ጠርገህ የመጨረሻውን ዝናብ ሮቶ ሙላ።

አጥሩ ሥር ቅንጬ አረም ካለ ደግሞ አፈሩ ሳይደርቅ፣ አበባውም ሳያፈራ ከነሥሩ ንቀለው። አንዱ ተክል ከአሥር ሺህ በላይ ዘር ይበትናል። ጓንት አድርግ፣ ቆዳ ያሳክካል።

ሌላም ልጠይቅህ የፈለግኩት ነገር ነበር... እሱ እንኳ በደብዳቤ አይሆንም፣ በአካል ስንገናኝ ይሻላል። አንተ ግን የሥሩን ፎቶ በቴሌግራም ላክልኝ፤ ቁጥሬ ያው የድሮው ነው።

ወንድምህ፣ ከሐዋሳ