መብራቱን አጥፉልን፦ የድራማ ተመልካቾች ክበብ የዓመቱ ዘገባ

በመምህራን ማረፊያ «ሲኒማ ቤቱ» ይሉናል። ስሙ አያስከፋኝም፤ ግን ልክ አይደለም። ሲኒማ ቤት የገባ ሰው አይቶ ይወጣል። እኛ መሃል ላይ እናቆማለን። ምስሉ ባለበት ይቆማል፣ ሁሉም ደብተሩን ያወጣል፣ ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር ሳይነጋገር በዚያች ቅጽበት የተሰማውን ይጽፋል። አምስት ደቂቃ። ወሬ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ዘንድሮ 34 ተማሪዎች ተመዝግበው ዓመቱን የጨረሱት 21 ናቸው። ከፈተናው ሰሞን በኋላ ያልተመለሱ አሉ። ተጠሪዎች መርጠናል፣ ደንብ አጽድቀናል፣ በየሐሙሱ ከሰዓት ተገናኝተናል። ዝርዝሩ ቃለ ጉባኤው ላይ ስላለ አልደግመውም።

ዓመቱን ሙሉ የተከተለችኝ አንድ ጥያቄ አለች። ከወላጅም ከባልደረባም ሰምቻታለሁ። «ልጆቹ ደስ የሚል ነገር ጠፍቶ ነው ዓለም ሲጠፋ የምታሳያቸው?» ጥያቄዋ ተገቢ ናት። ክበቡ የሚያየው በአብዛኛው ዲስቶፒያ (ስለ ተበላሸ ዓለም የሚተርክ) እና ጨለም ያለ ፋንታሲ (የምናብ ዓለም ታሪክ) ነው። መልስ ግን አለኝ።

ስኩዊድ ጌም የተባለውን የኮሪያ ድራማ ውሰዱ፤ ሰዎች ለገንዘብ ብለው የተሸነፈ የሚሞትበትን የልጆች ጨዋታ ይጫወታሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2021 ከወጣ ጀምሮ ወሬው ከግቢያችን ጠፍቶ አያውቅም። ክበቡ አላሳየውም። ለዕድሜያቸው አይሆንም፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም። ግን «ማን አይቶታል?» ብዬ ስጠይቅ ከሦስት ልጆች በቀር ሁሉም እጅ አወጣ። በሌሊት፣ በስልክ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ብቻቸውን አይተውታል። ያዩትን ለማን ይናገሩ? ይኼ ነው እኔን የሚያሳስበኝ።

ስለዚህ ሳናሳይ ተወያየንበት። በሁለተኛው ክፍል ድምፅ የሚሰጡበት ቦታ አለ። 456 ሰዎች ገብተው ከመጀመሪያው ጨዋታ በሕይወት የተረፉት 201 ናቸው። ድምፅ ይሰጣሉ፤ 101 ለ100 ይብቃን ብለው ይወጣሉ። ከዚያ አብዛኞቹ በገዛ እግራቸው ይመለሳሉ። ለምን? አንድ ሙሉ ሐሙስ በዚህ ጥያቄ አለቀ። ብዙዎቹ ዕዳ ነው አሉ። የድራማው ጸሐፊ ህዋንግ ዶንግ ህዮክ ታሪኩን ሲጽፍ ራሱ ተቸግሮ ላፕቶፑን እስከ መሸጥ መድረሱን፣ የሚያሠራው አጥቶም አሥር ዓመት ያህል መጠበቁን ስነግራቸው «አላልንም?» አሉ። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ግን ሌላ ነገር አመጣ። «ውጪውም ጨዋታ ስለሆነ ነው። እዚያ ግን ሕጉን የሚነግራቸው የለም» አለ። ይህን ልጅ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ዝም ብሎ የሚቀመጥ እያላችሁ የምትነግሩኝ መምህራን ያን ቀን ብትኖሩ ደስ ይለኝ ነበር።

ያሳየናቸውን በጥንቃቄ ነው የመረጥነው። የጀመርነው በአሮጌ ነገር ነው፤ ሮድ ሰርሊንግ ከፈጠረው «ዘ ትዋይላይት ዞን»። ጥቁርና ነጭ ነው፣ አብዛኛው ክፍል ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። የመረጥነው በ1960 የቀረበውን የሜፕል ጎዳና ታሪክ ነው። ሰላማዊ ሰፈር ነው። ድንገት መብራት ይጠፋል፣ መኪና አይነሳም። ከመካከላችሁ አንዱ ከሌላ ዓለም የመጣ ነው የሚል ወሬ ይገባና ጎረቤት ጎረቤቱን መጠርጠር ይጀምራል። ማታ ላይ በጨለማው ውስጥ አንድ ጥላ ወደ እነሱ ሲመጣ ይታያል። አንደኛው ጠመንጃ ይዟል። እዚያ ላይ አቆምኩት። ጻፉ አልኳቸው።

ከዚያ ቀጠልን። ተተኮሰ። የወደቀው ሌላው ጎዳና መብራት እንዳለው ሊያይ ሄዶ የተመለሰ የራሳቸው ጎረቤት ነበር።

ደብተር ስሰበስብ ሁለት ልጆች አንሰጥም አሉ። በኋላ አንደኛው መጥቶ አሳየኝ። «ቶሎ ይተኩስ እንጂ ምን ይጠብቃል» ብሎ ጽፏል። እንደሱ የጻፉት ከግማሽ በላይ ነበሩ። ብዙ ያስተማርኩ መሰለኝ፤ ግን ያስተማረው ያ የቆመ ምስል ነው። ድራማውን ሳያቋርጡ ቢያዩት ኖሮ ሁሉም መጨረሻ ላይ «ምስኪን ሰውዬ» ብሎ ይወጣ ነበር። ማን ምን ተመኝቶ እንደነበር የሚያስታውስ አይኖርም።

ከፋንታሲ «ሂዝ ዳርክ ማቴሪያልስ»ን አየን። ከ2019 እስከ 2022 በ3 ሲዝን የቀረበ፣ 23 ክፍል ያለው ድራማ ነው። ሁሉን ለማየት ጊዜ ስለሌለን ከመጀመሪያው ሲዝን የተወሰነውን ብቻ ወሰድን። በዚያ ዓለም የሰው ነፍስ ከሰውነቱ ውጭ ናት፤ በእንስሳ መልክ አብራው ትሄዳለች። አምስተኛው ክፍል ላይ ከነፍሱ የተቆረጠ ትንሽ ልጅ ይገኛል፣ ቤተሰቦቹ አቅፈውት ይሞታል። ሁለት ልጆች ተነስተው ወጡ። ተከትያቸው ወጣሁ፤ ኮሪደር ላይ ብዙ ቆየን። አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ወላጅ ደውሎ ቅር መሰኘቱን ነገረኝ፣ ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ክፍል በፊት ምን እንደሚመጣ እናገራለሁ። መውጣት የፈለገም ምክንያት አይጠየቅም።

አሁን ስለ መስኮቶቹ።

የምንሰበሰብበትን ክፍል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አራት ትልልቅ መስኮቶች ወደ ምዕራብ። መጋረጃ የለም። እኛ ደግሞ የምንገናኘው ከሰዓት በኋላ ነው። ጌም ኦፍ ትሮንስ የተባለውን የፋንታሲ ድራማ ክበቡ አያሳይም፤ ከዕድሜያቸው በላይ ነው። ሆኖም ስለ ብርሃን ልናወራ ስለፈለግን በ2019 ከቀረበው ረጅሙ ውጊያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ቆርጬ አመጣሁ። 82 ደቂቃ ርዝመት ያለው፣ 55 ሌሊት የተቀረጸ ክፍል ነው። ሲተላለፍ ብዙ ተመልካች «ምንም አይታየንም» ብሎ አማርሯል። የካሜራ ባለሙያው ፋቢያን ዋግነር ጨለማው ታስቦበት የተደረገ ነው ብሎ ተከራክሯል። ልጆቹ ማን ልክ እንደሆነ እንዲፈርዱ ፈለግሁ።

የመረጥኩት ደም የሌለበትን ቦታ ነው። ፈረሰኞች የሚነድ ሰይፍ ይዘው ወደ ጨለማው ይጋልባሉ። ከሩቅ የሚታየው እሳቱ ብቻ ነው። ከዚያ እሳቶቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ምን እንደገጠማቸው ማንም አያሳየንም። በእኔ አስተያየት ይህ ፍርሃትን ለማሳየት ከተሠሩት ሁሉ አንደኛው ነው።

እኛ ግን ግድግዳ ነው ያየነው። ፀሐይዋ ሸራው ላይ አርፋ ምስሉን በልታዋለች። ልጆቹ ዓይናቸውን አጥብበው፣ ከወንበር ተነስተው፣ ተጠግተው ሞከሩ። ምንም የለም። በሚቀጥለው ሐሙስ ጨርቅ ይዘው መጡ። አንሶላ፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ አንድ ትልቅ ጥቁር ሻል። ወንበር ላይ ወጥተው ሁለቱን መስኮት ሸፈኑ። ሁለቱ ግን ቀሩ። ለመጋረጃ ጥያቄ ያቀረብኩት ዓመቱ ሲጀመር ነው። የፕሮጀክተሩ አምፖል ተቃጥሎ ሦስት ሐሙስ ስንቀመጥም ጠይቄያለሁ። በሦስቱ ሐሙስ ልጆቹ ትዕይንቶችን ራሳቸው እየተወኑ አሳልፈውታል፤ ስለዚህ ክበቡ ቆሞ ነበር የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም።

አሁን ደግሞ ይህን ዘገባ እንድጽፍ ያደረገኝ ቀን።

«ብላክ ሚረር» ቻርሊ ብሩከር የፈጠረው፣ በ2011 የጀመረ ድራማ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ለትልልቆቹ ብቻ በ2016 የወጣውን «ኖዝዳይቭ»ን መረጥኩ። በዚያ ዓለም ሁሉም ሰው ላገኘው ሰው ሁሉ በስልኩ ከ5 ነጥብ ይሰጣል። ነጥብህ የት እንደምትኖር፣ ማን እንደሚቀርብህ ይወስናል። ሌሲ የምትባለው ሴት 4.2 ናት። የተመኘችውን ቤት በቅናሽ ለማግኘት 4.5 መድረስ አለባት። መስታወት ፊት ቆማ ሳቅ ትለማመዳለች።

መጀመሪያ ላይ ተሳቀ። መሃል ላይ ሌሲን መንገድ ላይ የምትጭናት የከባድ መኪና ሾፌር ትመጣለች። ባሏ ካንሰር ይዞት ነበር። ነጥቡ 4.3። አልጋው የተሰጠው 4.4 ለነበረ ሰው ነው። አንድ ልጅ ሳይጠየቅ ተነስቶ ሰሌዳው ላይ «0.1» ብሎ ጻፈና ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

መጨረሻ ላይ ሌሲ ነጥቧ ሁሉ ረግፎ ትታሰራለች። ፊት ለፊቷ ሌላ እስረኛ አለ። መሰዳደብ ይጀምራሉ። ስድቡ ለክፍል ስለማይሆን ድምፁን ዘጋሁት፣ ሰብታይትሉንም አጠፋሁ። ፊታቸውን ብቻ አየን። ይጮሃሉ፣ ፊታቸው ግን እየፈካ ነው። ነጥብ የሚሰጣቸው የለም።

ደብተር አወጡ። ከልጆቹ አንዷ፣ ስሟን አልጽፍም፣ ከክፍሏ ከአንደኛነት ወርዳ አታውቅም። ደብተሯ ስርዝ የለበትም። ያን ቀን በአጠገቧ ሳልፍ ገጹ በስርዝ ተሞልቷል። እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እኔ እጄን ከማውጣቴ በፊት መልሱን በሆዴ ሦስት ጊዜ እለዋለሁ። አሁን ግን አላልኩትም» አለች። ትንሽ ቆይታ «ታዲያ እርስዎ ይህን ደብተር ለምን ከ10 ያርሙታል?» አለችኝ።

ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። እውነት ነው፤ ከመጀመሪያው ሐሙስ ጀምሮ እያረምኩ ነበር። እንዲተጉ ብዬ ነው። በቀይ እስክሪብቶ፣ ከ10። መልስ አልነበረኝም። እንዳስብበት ጊዜ ስጪኝ አልኳት።

ደብተሮቹን ሁሉ ቤት ወስጄ ቅዳሜና እሁድ እንደገና አነበብኳቸው። 9 እና 10 የሰጠኋቸው ገጾች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። «ይህ ትዕይንት የሚያስተምረን» ብለው ነው የሚጀምሩት። እኔ ደስ እንዲለኝ የተጻፉ ናቸው። 5 እና 6 የሰጠኋቸው ውስጥ ደግሞ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ፈራሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። የበሩ ድምፅ ይመስለኛል።» ሌላው «ያቺ እናት አላለቀሰችም፣ እኔ ግን ለሷ አለቀስኩ» ይላል። ለዚህ 5 ሰጥቼዋለሁ። የፊደል ስህተት አለበት ብዬ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እርማት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጽሑፋቸው ተዝረክርኳል፣ ረዝሟልም። ከሁለት መስመር አልፎ የማያውቅ ልጅ ገጽ ተኩል ጻፈ። በወላጆች ቀን እያንዳንዱ ክበብ አንድ ነገር ሲያቀርብ ያቺ ልጅ መድረክ ላይ ወጥታ የዚያን ቀን ገጿን አነበበች። የሰረዘችውንም አልዘለለችም። «እዚህ ላይ ‹ሌሲ ጥፋተኛ ናት› ብዬ ጽፌ ሰርዣለሁ» እያለች፣ መስመር በመስመር። እናቷ ከፊት ተቀምጠው ነበር። የእኔ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የእሷ አልተንቀጠቀጠም።

የክበባት መገምገሚያ ቅጹ ላይ «የአባላት አማካይ ውጤት» የሚል ሳጥን አለ። ባዶ ትቼዋለሁ። የረሳሁት መስሎ ተመልሶ እንዳይመጣልኝ ብዬ ነው እዚህ የምጽፈው። ሊያየው ለሚፈልግ 21ዱ ደብተሮች ቢሮዬ አሉ፤ ልጆቹም እንዲነበብ ፈቅደዋል።

ለሚቀጥለው ዓመት የምንጠይቀው ትልቅ አይደለም። ለአራት መስኮት የሚበቃ ወፍራም መጋረጃ። አንድ መለዋወጫ የፕሮጀክተር አምፖል። ከኋላ ለተቀመጠ የሚሰማ ድምፅ ማጉያ። ከወላጆች መካከል መጋረጃ መስፋት የሚችል ካለ ጨርቁን እኛ እንፈልጋለን፤ ልጆቹ መስኮቶቹን ለክተው ቁጥሩን በሩ ላይ ለጥፈውታል።

ሁለቱ መስኮቶች እስካሁን በልጆቹ ጨርቅ እንደተሸፈኑ ናቸው። አንሶላውንና ሻሉን ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ለባለቤቶቹ መመለስ አለብኝ።