አለደጌ እንገናኝ

እህት ዓለም፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ? ልጆቹስ? የድሬ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። መጀመሪያ ዝም ያለው ማን ነው የሚለውን ክርክር ስንገናኝ እንጨርሰዋለን። ዛሬ የጻፍኩልሽ ለሌላ ጉዳይ ነው። ኅዳር ላይ ጥቂት ቀን አመቻቺና የዱር እንስሳት ለማየት አፋር፣ አለደጌ በረሃ እንሂድ።

"ደግሞ ምን ነካት?" እንደምትዪ አውቃለሁ። ቱሉ ዲምቱ መግባቴን ሰምተሻል አይደል? ቤቴ ለፍጥነት መንገዱ መግቢያ ቅርብ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የጅቡቲ ተሳቢዎች ሲያልፉ እሰማለሁ። ታኅሣሥ 2017 ላይ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲናወጥ፣ እዚህ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ብርጭቆው ሁሉ ይንጫጫ ነበር። ጎረቤቱ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ወደ ውጭ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የዚያን አገር ካርታ ማየት አመል ሆነብኝ። እንዳየሁት ከኔ በር የሚነሳውም፣ ካንቺ የሚመጣውም መንገድ አዋሽ ላይ ይገናኛል። አለደጌ ከዚያ ትንሽ ወዲያ ነው። አንቺ አዲስ አበባ እስክትመጪ፣ እኔም ድሬ እስክወርድ ከምንጠባበቅ መሃል ላይ ብንገናኝ አይሻልም?

የምናየው የግሬቪን የሜዳ አህያ ነው። ተማሪ ሳለን ነጭ ሳር ፓርክ ያየናቸው ትዝ ይሉሻል? እነዚያ ሌላ ዝርያ ናቸው። የግሬቪው ከፈረስና ከአህያ የዱር ዘመዶች ሁሉ በአካል ትልቁ ነው። መስመሮቹ ቀጫጭንና ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፤ ሆዱ ግን ነጭ ነው። ጆሮው ትልቅና ክብ ነው። ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ከዡል ግሬቪ ነው። በፈረንጆቹ 1882 ከኛ አገር አንዱ በስጦታ ተልኮለት፣ የፓሪስ ሊቃውንት አይተው "አዲስ ዝርያ አገኘን" አሉ። ያገሬው ሰው ከብቱን አብሮት ሲያሰማራ እንደኖረ ማን ይንገራቸው! ዛሬ በዓለም ላይ 3,000 ገደማ ናቸው የቀሩት፤ አብዛኞቹም ኬንያ ነው ያሉት። እኛ ጋ የቀሩት ጥቂት ናቸው።

ኑሯቸው አስቆኛል። ወንዱ ሰፊ መሬት ይይዝና በፋንድያው ክምር ወሰኑን ያበጃል። ከዚያ ቆሞ ይጠብቃል። ሴቶቹ ደግሞ ሣርና ውሃ ተከትለው መጥተው፣ ሲያልቅ ጥለውት ይሄዳሉ። መሬት አጥሮ የሚጠብቅ ወንድማ ሰፈራችንም ሞልቷል። የምታጠባዋ ግን እንደ ሌሎቹ አትርቅም። ሌሎቹ ያለ ውሃ እስከ አምስት ቀን ይቆያሉ ይባላል፤ እሷ ግን ቶሎ ቶሎ መጠጣት አለባት። ስለዚህ ግልገል ማየት ከፈለግን የውሃ መንገዳቸውን ነው መጠየቅ ያለብን።

ቀንደ ረጅሙ የበረሃ እንስሳ ሳላም አለ። ሙቀቱ ሲበረታ ውሃ ላለማባከን ሲል አያልበውም፤ የገዛ ሰውነቱ እንዲግል ይተወዋል። እኔ ደግሞ ገና መተሐራ ሳልደርስ ነው የምቀልጠው። ሰጎን አለ፤ በኋላ እግሩ ቆሞ ቅጠል የሚቀነጥበው አንገተ ረጅሙ ገረኑክም አለ። ከሜዳው ባሻገር የአሰቦት ተራራ ይታያል፤ ያው የአሰቦት ገዳም ያለበት። አለደጌ ፓርክ ሃላይደጌ-አሰቦት የሚባለውም ለዚህ ነው።

በፊት እንዳልሽኝ የዱር አህያ ፍለጋ ያንጉዲ ራሳ ፓርክ ድረስ እንዝለቅ እንዳትዪ። ያ ፓርክ የተከለለው ለሱ ነበር፤ አሁን ግን እዚያ እሱን አገኛለሁ ማለት ዘበት ነው። የቀሩት ወደ ሰሜን፣ ደናክል ውስጥ ገብተዋል። እሱን ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

ለምን አሁን ካልሽኝ፣ ሣሩ እንዳይጠፋ ፈርቼ ነው። በደርግ ዘመን በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ የመጣው ፕሮሶፒስ የሚባል እሾሃማ ዛፍ አፋርን እያለበሰው ነው። ፍየሉና ከብቱ ጣፋጭ ፍሬውን ይበላል፤ ዘሩ ከፋንድያው ጋር ወርዶ በሄደበት ሁሉ ይበቅላል። ሥሩ ጥልቅ ነው፤ ቢቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል። እሱ በገባበት ሣር አይተርፍም። በዚያ መስመር አክስለው ይሸጡታል፤ እዚህ ሰፈር የማፈላበት ከሰልም ከዚያው የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ደህና ነው፣ ይክሰል። ግን በከሰል ብቻ የሚያልቅ አይመስለኝም።

እሾሁ ደግሞ ጎማ ይበሳል። ስለዚህ አንድ ስኮርታ አይበቃንም፤ ሁለት ይሁን። ክሪኩን እኔ አየዋለሁ። ወንድሜ ላንድክሩዘሩን ከሾፌር ጋር እሰጣችኋለሁ ብሏል፤ ሾፌሩ መስመሩን ያውቀዋል። ውሃ በጀሪካን ከአዋሽ እንሞላለን፤ ለመጠጥ ብቻ በቀን ለሰው አምስት ሊትር አስቤያለሁ። አዳራችን አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው። ድንኳን አልፈልግም፤ ከዚህ በኋላ መሬት ላይ የሚተኛ ወገብ የለኝም። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስተን ጎህ ሲቀድ ሜዳው ላይ እንገኝ። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ እንስሳቱም ጥላ ይፈልጋሉ፣ ሰውም ይነጫነጫል።

ስለ ጸጥታው ሳልደብቅሽ፣ በአፋርና በኢሳ መካከል ግጭት የሚነሳበት አካባቢ ነው። ከመነሳታችን በፊት ፓርኩ ጽሕፈት ቤት እደውላለሁ። አይሆንም ካሉ አይሆንም፤ አዋሽ ፓርክ ገብተን ፏፏቴውን አይተን እንመለሳለን። ከፈቀዱ ደግሞ ያለ ስካውት፣ ማለትም ያለ ፓርኩ ጠባቂ ንቅንቅ አንልም። ስካውቱ የአካባቢው ልጅ ቢሆን ደስ ይለኛል። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ብለው ብቻ አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ዳጉ ይቀባበላሉ፤ የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ ማን ታመመ፣ ምን ታየ። የሜዳ አህዮቹ ትናንት የት እንደዋሉ ለማወቅ ከጂፒኤስ ይልቅ በሱ እተማመናለሁ። እኛም የምንቀባበለው ዳጉ ተከማችቷል። ስለ እማማ ሕመም ሁሉንም በደብዳቤ አልጽፈውም፤ አሁን ተሽሏታል፣ ትጠይቅሻለች።

ባለቤትሽ "በረሃ ለበረሃ ምን ያንከራትታችኋል?" ካለ፣ እሱንም ይዘሽው ነይ። መኪናው ይበቃል። ብቻ ሙዚቃ አይመርጥም።

የኅዳር ሁለተኛ ሳምንት ይመቸኛል። ካልሆነ ከገና በፊት ያለውን ጊዜ ንገሪኝ፤ ከሚያዝያ ወዲያ ግን ሙቀቱን አልችለውም። እስከ አዋሽ በባቡር ይሁን በመኪና የሚሻልሽን አንቺ ምረጪ። ያ ባይኖኩላር አሁንም አንቺ ጋ ነው አይደል? እንዳትረሺው። መልሱን በቴሌግራም ላኪልኝ፤ ቁጥሬ ያው ነው።

እህትሽ
ከቱሉ ዲምቱ