ይድረስ ለቀድሞው አዛዤ፣ ለዛሬው የምክር ቤት አባል

የተከበሩ የሕዝብ ተወካይ፣

ስምዎን አልጠራም፤ እርስዎም የእኔን ከጠሩት ቆይተዋል። ቢሮዎ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ጸሐፊዎ ሦስቱንም ተቀብላ መዝገብ ላይ አስፈርማኛለች፤ በጽሑፍ የመጣ መልስ ግን የለም። እንግዲህ ሰው ሁሉ ይስማው።

ግንቦት 2013 ምርጫው ሲቃረብ ሰፈራችን ለቅስቀሳ መጡ። ድንኳኑ ውስጥ ከፊት አቆሙኝና ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስበው «ይህን እግር እዩት፤ ካራማራ ላይ የቆሰለ ነው» አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ እናቶች እልል አሉ። እኔም ዝም አልኩ፤ ያ የእኔ ጥፋት ነው። የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ላይ የሶማሊያ ጦር ተሸንፎ ድሉ ሲገኝ እኔ ሆስፒታል ተኝቼ እንደነበር ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። የተመታሁት መስከረም ላይ፣ ጅጅጋን ለቀን ስናፈገፍግ ነው። ያኔ መቶ አለቃ ነበሩ። ተሸክመው የጭነት መኪና ላይ ያወጡኝም እርስዎ ነዎት፤ ውለታዎን አልክድም። ማፈግፈግ ግን ለቅስቀሳ አይመችም መሰለኝ።

ካገገምኩ በኋላ ሐረር ግምጃ ቤት ተመደብኩ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ወረቀቴ ሁሉ እዚያው ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ የኖርኩት በዘበኝነት ነው። አሁን ጉልበቱም አለቀና የጡረታ ነገር ልጠይቅ ብሄድ «ከክፍልህ ማረጋገጫ አምጣ» ተባልኩ። ክፍሌ ሦስተኛ ክፍለ ጦር ነው። ከየት ላምጣው? አንዱ ሠራተኛ አዝኖ «አዛዥህ የነበረ ሰው ካለ ይጻፍልህ» አለኝ። እየተንከባለልኩ መጣሁ። አዛዤ እኮ ፓርላማ ናቸው! በቀድሞ ወታደሮች ስም ማኅበር የሚመሩ፣ በየመድረኩ ስለ እኛ የሚናገሩ!

በጸሐፊዎ በኩል ያስነገሩኝ «በግለሰብ ጉዳይ አልገባም» የሚል ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሠራዊቱ ነበርኩ፤ ፊርማ ስጠይቅ ግን ግለሰብ ሆንኩ።

የካቲት 26 ሲደርስ አዲስ አበባ ትግላችን ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ሲያኖሩ በቴሌቪዥን አይዎታለሁ። እዚያ ግቢ በጦርነቱ ከእኛ ጎን የወደቁት ኩባውያን ምስል ሳይቀር አለ። ደግ ነው፣ ይገባቸዋል። እኔ አንድ ጊዜ ብመጣ በር ላይ የጥሪ ወረቀት ተጠየቅሁ።

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 54 ለእርስዎ አላስተምርም። የምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ነው ይላል። ንዑስ አንቀጽ 7ንም አንብበውታል፤ የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ስላጣበት ተወካይ የሚናገረውን ማለቴ ነው።

ቤት ስጡኝ አላልኩም። በእርስዎ ሥር ማገልገሌንና መስከረም 1970 መቁሰሌን የሚገልጽ አንድ ገጽ አስጽፌ ጸሐፊዎ ዘንድ ትቻለሁ። ካራማራ የሚል ቃል የለበትም። ይፈርሙበት። ካልፈረሙ፣ እግሬ የት እንደቆሰለ ለዚያ ለድንኳኑ ሕዝብ እኔው እነግረዋለሁ።

የቀድሞ ወታደርዎ፣
ሃምሳ አለቃ፣ ሦስተኛ ክፍለ ጦር