እማዬ፣ ስለ ሳልሽ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ስልክ ላይ ያ ደረቅ ሳልሽ አሁንም አለቀቀሽም። «ጉንፋን ነው» ብለሽኛል። ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽ እንደሚያጥርሽ ግን እህቴ ነግራኛለች። የደረትሽን የካንሰር ጨረር ሕክምና ከጨረስሽ ወራት ስላለፉ፣ ከዚያ ጋር ምን አገናኘው ትዪ ይሆናል። ሊያገናኘው ይችላል።

ላቦራቶሪ ውስጥ የማየው ይህንኑ ነው። አይጦቹን አደንዝዘን ደረታቸውን ብቻ በጨረር እንመታለን። ከዚያ ለወራት ደህና ይመስላሉ፤ ይበላሉ፣ ይሯሯጣሉ። ሲ57 ብላክ 6 የሚባሉት ጥቁሮቹ ሳንባቸው በደንብ ጠባሳ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ሳምንት በኋላ ነው። ያኔ ከሳንባቸው በጣም ስስ ቁራጭ ቆርጠን፣ ቀለም ነክረን በማይክሮስኮፕ እናያለን። የጤነኛ ሳንባ የአየር ከረጢቶች ግድግዳ ክር ያህል ነው፤ መሃሉ ባዶ፣ ለአየር የተተወ። ጨረር ያገኘው ግን ቦታ ቦታው በሰማያዊ ተሞልቷል። ሰማያዊው ኮላጅን ነው፤ ጠባሳው ማለት ነው። ባየሁት ቁጥር አንቺ ትዝ ትዪኛለሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨረሩ ካንሰሩን ሲመታ አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ሳንባም ይነካል። ሰውነት ጉዳቱን ለመጠገን ቲጂኤፍ ቤታ የሚባል ፕሮቲን ያዛል። ጥገናው በጊዜው ካልቆመ ኮላጅን ይከማቻል፣ ሳንባው ይደርቃል፣ ኦክስጅን እንደልቡ አያልፍም።

አንቺ አይጥ አይደለሽም፤ እነሱ ብዙ ጊዜ ጨረሩን ባንዴ ይወስዳሉ፣ ላንቺ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ነው የተሰጠሽ። ግን ሰው ላይም የሳንባ መቆጣት በአብዛኛው ጨረሩ ካለቀ በኋላ ከ1 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይመጣል፣ ጠባሳው ከዚያ ይከተላል። መቆጣቱን ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ያስታግሰዋል። የረጋ ጠባሳ ግን ወደ ኋላ አይመለስም። ለዚህ ነው የምነዘንዝሽ።

እባክሽ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ጨረሩን የሰጠሽ ሳይሆን ሌላ ሐኪም ከሆነ፣ ጨረር መውሰድሽን አስቀድመሽ ንገሪው፤ መቼና በየትኛው ጎን እንደሆነ የሚያሳየውን ወረቀት ያዢ። ሲቲ ስካን ያስፈልግሽ እንደሆነ እህቴ ትጠይቅልሽ። ሐኪሙ ስቴሮይድ ካዘዘልሽ፣ ተሻለኝ ብለሽ በራስሽ እንዳታቋርጪው፤ ቀስ በቀስ የሚያስቀንስሽ እሱ ነው። ካንሰሩ ተመለሰ ብለሽም ከወዲሁ አትጨነቂ፤ ሳል ብቻውን ያን አያሳይም። ትኩሳት ከመጣ ወይም ተቀምጠሽም ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ሐኪሙ ያለሽን ማታ ደውዬ እሰማለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ